«ሰው ካለበት አትራቁ» ለሚለው ጽሑፍ ከድሬዳዋ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል። ከሦስቱ ሁለቱ «ስትደክምበት ለኖርከው ነገር አንድ ሰው ቁርጡን ነግሮሃል» የሚል ማስታወሻ አክለውበታል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ነገሩን ከሥሩ ያሰቡበት ሰው መሆናቸው ይታያል። በዝምታ ማለፍ ያልፈለግሁትም ስለዚሁ ነው፤ በደንብ የተጻፈ ስሕተት ብዙ ሰው ይዞ ይሄዳል።

የጸሐፊው መነሻ ጥቂት ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የኢንተርኔት ማኅበራዊ ሕይወታችንን ጠቅልለው መያዛቸው ደስ የሚል ነገር አለመሆኑን በማመን ነው። ይሁን እንጂ መፍትሔ ተብለው የሚቀርቡት ያልተማከሉ መድረኮች፣ ማለትም አንድ ኩባንያ ሳይሆን ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ሰርቨር (መረጃ ይዞ ለተጠቃሚዎች በሚያደርስ ኮምፒውተር) የሚያስተዳድሯቸው እንደ ትዊተር ያለው ማስተዶንና መሰሎቹ፣ ለእኛ አይሆኑም ይላሉ። ምክንያቶቻቸውን በራሳቸው ቅደም ተከተል ላስቀምጥ፤ መድረኮቹ ሰው የሌለባቸው ባዶ ቤቶች ናቸው፤ ከባለሙያ በቀር ተራ ሰው ሊጠቀምባቸው አይችልም፤ ኃላፊ ስለሌላቸው የጥላቻና የሐሰት ንግግር መናኸሪያ ይሆናሉ፤ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ስለቆሙ ዕድሜ የላቸውም፣ ትልቁ ኩባንያ ግን አይወድቅም፤ መስመሩ የቴሌኮሙ ስለሆነ ነጻነቱ የስም ብቻ ነው፤ በመጨረሻም ትልልቆቹን መድረኮች ተዉ ማለት በእነሱ ላይ ነግዶ የሚያድረውን ሰው እንጀራ መንጠቅ ነው። እንግዲህ ስድስቱን በተራ እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔ ነጻነት የምለው ምን እንደሆነ መናገር ይገባኛል። አንድ ማኅበረሰብ ሲከፋው ሰዎቹንና ንብረቱን ይዞ መውጣት የሚችል ከሆነ፣ ዛሬ የትም ተቀምጦ ቢሆን ነጻ ነው፤ ይህን የማይችል ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢመቸው በሰው ግቢ የተጠለለ እንግዳ ነው።

«ሰው የለበትም» በሚለው ልጀምር። በቁጥሩ አልከራከራቸውም። ማስተዶን በኦይገን ሮችኮ እጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ትልቁን የተጠቃሚ ማዕበል ያየው ኢሎን መስክ በ2022 መገባደጃ ላይ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር በገዛበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ወርኃዊ ተጠቃሚው ከ300 ሺህ ገደማ ተነሥቶ ወደ 2.5 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ፌስቡክን ግን በወር ከ3 ቢሊዮን በላይ ሰው ይጠቀምበታል። ነገር ግን አንድ ማኅበረሰብ የሚያስፈልገው የራሱን ሰዎች እንጂ ሦስት ቢሊዮን ሰው አይደለም። የሰፈራችን እድር አባላት ሁለት መቶ አይሞሉም፤ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ የሚያማው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት እያንዳንዱን ትንሽ መድረክ ለብቻው እንደቆመ ደሴት አድርገው መቁጠራቸው ነው። ይህን ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ከተማችን የገባው የድሮው ምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንድ ስንዝር አይሄድም፤ ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ቢባል ወርዶ እንደገና መጫን አለበት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚሆን ስፋት መርጠው ሐዲድ ዘረጉ፤ ስለዚህ የአንዱ ተሳፋሪ ወደ ሌላው ሲሻገር ዕቃውን ጥሎ ነው። ያልተማከለው አሠራር በአንድ የሐዲድ ስፋት ተስማምቶ ጣቢያውንና ባቡሩን ሁሉም የየራሱን እንዲያቆም መፍቀድ ነው። ለማስተዶንና ለመሰሎቹ ያ ስፋት አክቲቪቲፐብ የሚባለው ፕሮቶኮል (ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት የጋራ ደንብ) ሲሆን፣ የዓለም አቀፉን ድር ደረጃዎች የሚያወጣው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል። ሃምሳ አባላት ያሉት ሰርቨር ላይ የተመዘገበ ሰው በሺህ በሚቆጠሩ ሌሎች ሰርቨሮች ላይ ያሉትን ሰዎች መከተል፣ መልስ መስጠትና መልስ ማግኘት ይችላል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ራሱ ትሬድስ የሚባለውን መድረኩን ከ2024 ጀምሮ በከፊል ወደዚሁ ሐዲድ አገናኝቶታል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቢያነሡት የሚጠቅማቸውን ነገር እኔው ላንሣ። ኢሜይልም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ማንም የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከማንም ጋር ይጻጻፍ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው የጥቂት ኩባንያዎች ደንበኛ ሆኗል፤ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር የሚያቆም ሰውም ደብዳቤው ስፓም ውስጥ እየገባ ይቸገራል። ያልተማከለ ነገር ካልጠበቁት ተመልሶ ሊማከል ይችላል። ቢሆንም የኢሜይል አቅራቢውን የሚቀይር ሰው ከቀድሞ ወዳጆቹ ጋር መጻጻፉን አያቆምም፤ አቅራቢ ስለቀየረ ከዓለም የተቆረጠ ሰው የለም። የምሟገትለት ነገር ይኸው ነው።

«ተራ ሰው አይችለውም» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሰርቨር ምረጥ ሲባል ግር የሚለው ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ ማስተዶንም መጀመሪያ ላይ በዚህ ብዙ እንግዳ አባርሯል። ሆኖም ድሬዳዋ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞባይል ገንዘብ ማስተላለፍ የሚባለውን ሲሰሙ ይሥቁ የነበሩ እናቶች ዛሬ የቲማቲም ሒሳብ በስልካቸው ይቀበላሉ። የተማሩትም ከመመሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገባቸው ተቀምጦ አንዴ ስላሳያቸው ነው። ሰርቨር ማስተዳደር ባለሙያ ይጠይቃል፤ መጠቀም ግን አይጠይቅም። ጸሐፊው ሁለቱን ለይተው ቢያዩ ኖሮ ይህ ነጥብ ግማሹን ክብደት ባጣ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ጸሐፊውም ስለ አገራቸው ተጨንቀው እንደጻፉት አልጠራጠርም። የጥላቻ ንግግር ሰው ያስገደለባት አገር ውስጥ «ኃላፊ የለውም» የሚባል መድረክ ሊያስፈራ ይገባል። ጥያቄዬ ግን ኃላፊ አለው የተባለው መድረክ ምን አደረገልን የሚል ነው። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትመሰክር፣ የኩባንያው አሠራር በደሃ አገሮች ስለሚያስከትለው አደጋ ምሳሌ አድርጋ ከጠራቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ2022 መጨረሻ ደግሞ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ ከመሠረቱት መካከል አባቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ ኢትዮጵያዊ ይገኝበታል። ክሱ እንደሚለው መምህሩ ከመገደላቸው በፊት ስማቸውን የሚያጠፉ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ተለጥፈው ነበር፤ ልጁ በተደጋጋሚ ቢያመለክትም በጊዜ አልተነሡም። ኩባንያው ክሱን ተከራክሯል፤ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። የመጨረሻውን ውሳኔ ለዳኞቹ እንተወው። ለእኛ ክርክር የሚበቃን ግን ኃላፊ አለው በተባለው መድረክ ላይ፣ አማርኛ የሚያነብና አገሩን የሚያውቅ ኃላፊ በሚፈለግበት ሰዓት አለመገኘቱ ነው።

ያልተማከለ ማለትም ኃላፊ የለሽ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ኃላፊ አለው ማለት ነው። በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ያሉትን አፎቻዎች የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያየዋል። አፎቻ እንደ እኛ እድር ለሠርግና ለለቅሶ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ ብዙ አፎቻዎች አሉ፤ የሁሉም የበላይ የሆነ አንድ አፎቻ ግን የለም። ይህ ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። የእኔ እድር ዳኛ ማን ከለቅሶ እንደቀረ፣ ማን ሰክሮ እንደመጣ፣ ማን በሐሜት ሁለት ቤተሰብ እንዳጣላ በስም ያውቃል፤ ቅጣቱንም ፊት ለፊት ይናገራል። ትንሽ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰውም ልክ እንደዚሁ ነው፤ የሚጻፈው በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ሰፈር ስድብ እንደሆነ ያውቃል።

«ታዲያ ተሳዳቢዎች የራሳቸውን ሰርቨር ቢያቆሙስ?» ይሉኝ ይሆናል። ያቆማሉ፤ አቁመዋልም። ጋብ የሚባለው በጥላቻ ንግግር የታወቀ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2019 በነጻ የሚሰራጨውን የማስተዶን ሶፍትዌር ወስዶ ገባ። ፈቃዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ማስተዶን ሊከለክለው አልቻለም። ነገር ግን ብዙ ሰርቨሮች እየተቀባበሉ በራቸውን ዘጉበት፤ በትልቅነቱ ብዙዎችን ሊውጥ የመጣው መድረክ ለብቻው ቀረ። ጋብ አልጠፋም፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ግን ያልፈለገው ሰው ዘንድም አልደረሰም። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስድብ ከተጻፈበት ቦታ ተነሥቶ ሚሊዮን ሰው ስልክ ላይ የሚደርሰው ሰው እንዲቆይ ተብሎ በተሠራ አልጎሪዝም ሲገፋ ነው። ማስተዶን ላይ የሚከተሏቸው ሰዎች የጻፉት በጊዜው ቅደም ተከተል ይመጣል፤ ቁጣን መርጦ ከላይ የሚያወጣ ማሽን የለበትም።

አራተኛው፣ የዕድሜ ነገር፣ የእኔ የግሌ ቁስል ነው። ከጓደኞቼ ጋር የድሬዳዋን ምድር ባቡር ሠራተኞች የቆዩ ፎቶዎች የሚሰበስብ ገጽ በአንድ ትልቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ መድረክ ላይ ከፍተን ስድስት ዓመት ሠርተንበታል። ሰዎች ከአልበማቸው እያወጡ ይልኩልን ነበር። ከፎቶዎቹ አንዱ ፋኖስ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ጣቢያ ላይ ቆሞ የሚያሳይ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው «ይህ ኤረር ነው» ብሎ ከሥሩ ጻፈ፤ ሌላው «አይደለም፣ ከኋላው የሚታየው የውኃ ጋን የአፍደም ነው» አለው። ክርክሩ ሲሟሟቅ ከጅቡቲ አንዲት እናት ገብተው ሰውዬው የባላቸው ታላቅ ወንድም መሆኑን፣ ስሙን፣ ባልደረቦቹ ያወጡለትን ቅጽል ስም፣ ያን ቀን ለምን እንደሣቀ ጭምር ጻፉ።

አንድ ጠዋት የአንደኛው አድሚናችን አካውንት ተሰረቀ። ሌቦቹ ምን እንደለጠፉበት አላየንም፤ እኛ ስንነቃ ገጹ ተዘግቶ ነበር። ቅጽ ሞላን፤ መታወቂያ ላክን፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል የማሽን መልስ መጣ። የምንጮኽለት ሰው፣ የምናንኳኳው በር አልነበረም። ፎቶዎቹ አብዛኞቹ በኮምፒውተራችን ነበሩ። የጠፋው ከሥራቸው የተጻፈው ነው፤ ስሙ፣ ቅጽል ስሙ፣ የውኃ ጋኑ ክርክር። ያቺን እናት በስልክ አፈላልገን ልናገኛቸው አልቻልንም።

«ትልቁ ኩባንያ አይወድቅም» ሲባል ስሰማ የማስበው ይህን ነው። ትልቁ ባይወድቅ እንኳ እኛን ሊጥለን ይችላል። ደግሞም ትልቁም ይወድቃል። ያሁ ግሩፕስ የስንቱን ማኅበር የዓመታት መልእክት ይዞ በዲሴምበር 2020 ተዘጋ፤ ጎግል ፕላስ በ2019 ተዘጋ፤ ማይስፔስ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 የተጫነበት ሙዚቃ በሰርቨር ዝውውር እንደጠፋበት በ2019 ተናገረ። ሃውገን ሴኔት ፊት በቀረበችበት ዋዜማ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ላይ፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ከዓለም ላይ በአንድ ጊዜ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ምክንያቱ በኩባንያው የውስጥ መረብ ጥገና ላይ የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ነው። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቃነቅ ሁሉም ክፍል አብሮ ይነቃነቃል።

የጸሐፊው ሥጋት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። በበጎ ፈቃደኛ የተያዙ ሰርቨሮች ባለቤታቸው ሲደክመው ይዘጋሉ። እንዲያውም እሳቸው ያልጠቀሱትን ልጨምር፤ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ተቋም ለኅብረቱ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ያቆመው የማስተዶን ሰርቨር የሚረከበው መሥሪያ ቤት ጠፍቶ በ2024 ተዘግቷል። ገንዘብ ያለው አካል እንኳ ካልተንከባከበው አይዘልቅም ማለት ነው። ማስተዶን ላይ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወሩም ተከታይ አብሮ ይመጣል እንጂ የቆየው ጽሑፍ አይመጣም፤ ይህ መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው። የእኛ አገር ችግርም አለ። ለትንሽ ማኅበር የሚበቃ ሰርቨር በወር ከአምስት እስከ አሥር ዶላር ቢከራይ ነው፤ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። እኛም የምንከፍለው በውጭ አገር በሚኖር የአንድ ጓደኛችን ወንድም ካርድ በኩል ነው፤ እሱ ቢታመም ወይም ቢሰለቸው ምን እንደምናደርግ ገና አልወሰንንም።

ታዲያ ከነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ጋር ለምን መረጥነው? አሁን ፎቶዎቹን ያስቀመጥነው ፒክስልፌድ በሚባል፣ በዚያው በአክቲቪቲፐብ ሐዲድ በሚሄድ የፎቶ መድረክ ላይ፣ በራሳችን ሰርቨር ነው። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሙሉውን ዳታ፣ ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፈውን አስተያየት ጨምሮ፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ እንገለብጣለን። አንዱ ሳቢያን፣ ሌላው ከዚራ ይቀመጣል። በሁለት ሰፈር ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከሰውና ከንብረት ጋር የስንቱን ቤተሰብ አልበም እንደወሰደ የሚያስታውሱ ሁለት አባላት አሉን። ሰርቨሩ ነገ ቢዘጋ በሳምንት ውስጥ ሌላ ቦታ እናቆመዋለን። በትልቁ መድረክ ላይ ሳለን ግን ሁሉ ነገር የተሟላልን ሆኖ ይህ አንዱ አልነበረንም።

አምስተኛው የቴሌኮሙ ነገር ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥና ሳምንታት ሲቆይ፣ የሰው ሰርቨር ቢኖር፣ የራስ ሰርቨር ቢኖር ልዩነት አልነበረውም። መስመሩ ከተቆረጠ ማንም አይደርስም፤ በዚህ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ነገር ግን መቋረጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል የተዘጉት ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በስም ተለይተው ነው፤ የቀረው ኢንተርኔት ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሙሉ ሕይወቱን በአራቱ ላይ የጣለ ማኅበር ሁሉ አባላቱን አጣ፤ የራሱ ድረ ገጽና የአባላቱ ኢሜይል ዝርዝር የነበረው ግን ሥራውን ቀጠለ። ጥፋቱ የትም ይሁን የት፣ እንቁላሉን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ያደረገ ሰው ነው አብዝቶ የሚጎዳው።

መስመሩ የአንድ ድርጅት ብቻ ነው የሚለውም ከጊዜው ዘግይቷል። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚህችው በድሬዳዋ ነው። ሁለተኛ በር ሲከፈት ምን እንደሚለወጥ ከማንም ቀድመን ያየን እኛ ነን፤ ዛሬ ብዙ የከተማችን ሰው ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንዱ መረብ ሲዳከም ወደ ሌላው ይዞራል። ሁለቱም በአንድ አገር ሕግ ሥር ናቸው፤ ቢሆንም ምርጫ መኖሩ ለሲም ካርድ ከጠቀመ፣ ለፎቶአችንና ለወሬአችን አይጠቅምም የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

የመጨረሻው የነጋዴው እንጀራ ነው። ትልልቆቹን መድረኮች ዛሬውኑ ለቃችሁ ውጡ ብዬ አላውቅም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካለም ከጸሐፊው ጋር ሆኜ እሞግተዋለሁ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሽቶና ድሪያ የምትሸጥ የአክስቴ ልጅ አለች። ደንበኞቿን የምታገኘው ስልኳ ላይ በምትለጥፋቸው ቪዲዮዎች ነው፤ ከጅግጅጋና ከሐረር ድረስ ትእዛዝ ይመጣላታል። ባለፈው ዓመት አካውንቷ ምክንያቱ ሳይነገራት ለሦስት ሳምንት ታግዶባት ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሽያጭ ያላቆማት አንድ ነገር ነው፤ ከእሷ የገዛ ሰው ሁሉ ስሙና ስልኩ የተመዘገበበት፣ ጥግ ጥጉ በሽቶ የራሰ፣ ባለ መስመር ደብተር። ማታ ማታ ተቀምጣ አንድ በአንድ ደወለችላቸው። አካውንቱ ተከፍቶላት ዛሬም ቪዲዮ ትለጥፋለች፤ ደብተሩን ግን አሁን ሁለት አድርጋዋለች።